በወጣህበት ማርሽ ውረድ

በእንደዚህ ያለ መጽሔት ላይ ስለ ፍልስፍና፥ ስለ ትምህርትና ስለ ፍቅር ብዙ ይጻፋል። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንዲት አሮጌ ላዳና ስለ ፍሬኗ ነው። ርእሱ ዝቅ ያለ መስሎ ቢታያችሁ አንቀየምም። ይሁን እንጂ ከመካከላችን ታክሲ ሳይሳፈር፥ ወይም የቆመ መኪና ሳይገፋ ያደገ ማን ነው? ስለዚህ ጥቂት ታገሡን።

“እኛ” ማለታችንም እንደ ጋዜጣ አዘጋጅ ለመኩራት አይደለም። መንትዮች ነን። በአንድ ቤት አድገን፥ በአንድ ክፍል ተምረን፥ አሁንም በአንድ ፋኩልቲ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ እናጠናለን። የምንናገረውን በደል የፈጸምነው በአንድነት ስለ ሆነ፥ ከሁለታችን መሪውን ይዞ የነበረው ማን እንደ ሆነ አንጽፍም። እናታችን ያውቃሉ፤ እርሱ ይበቃል።

አባታችን የታክሲ ነጂ ናቸው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ላዳቸው በዕድሜ እኛን ትበልጣለች። የቤት ኪራይ የተከፈለው፥ ደብተር የተገዛው፥ እኛም እስከ ዩኒቨርሲቲ በር የደረስነው በእርሷ ጎማ ነው። በዚህም ምክንያት በቤታችን የእርሷ ሕመም እንደ ሰው ሕመም ይቈጠር ነበር። ማታ አባታችን ሲገቡ እናታችን በመጀመሪያ የሚመለከቱት እጃቸውን ነው። እጃቸው ንጹሕ ከሆነ ቀኑ መልካም ነበረ። ጥፍራቸው በግራሶ ጠቁሮ እንደ ሆነ ግን የዕለቱ ገቢ ለመለዋወጫ ሄዷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ገንዘብ የሚያነሣ ሰው በቤቱ አይገኝም።

በክረምት ማለዳ ባትሪዋ ደክሞ ሞተሪኖው ሲያቃስት፥ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተጠርቶ ይገፋል። አባታችን ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው፥ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ይቆዩና፥ መኪናዋ ጥቂት ፍጥነት ስታገኝ እግራቸውን ድንገት ያነሣሉ። እርሷም ሁለት ጊዜ ነጥራ፥ ጥቁር ጢስ በፊታችን ላይ ተፍታ ትነሣለች። እኛ ደግሞ ዩኒፎርማችንን አራግፈን ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን። የቦሎ ወራት ሲደርስ ቤታችን እንደ ፈተና ሰሞን ይጨነቃል፤ መብራቱ፥ ፍሬቻው፥ የእጅ ፍሬኑ፥ ሁሉም በየተራ ይመረመራል። አባታችን ከምርመራው ሲመለሱ “አለፈች” ካሉ፥ የዚያን ቀን ማታ ቡናው ሦስት ጊዜ ይፈላል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስለ ቃላት ውሰት ስንማር፥ መምህራችን ምሳሌ በጠየቁ ጊዜ ፈጥነን እጃችንን ያነሣነው እኛ ነበርን። ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሽ፥ ካንዴላ፥ ፍሬቻ፥ ባሌስትራ፥ ጎማ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ በባለቤቶቹ አፍ ሻማ፥ ፍሬቻም ቀስት ማለት ነው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርሮ ተሸንፎ ሲወጣ፥ ለመኪና አካላት ያወጣውን ስም ይዞት ሊሄድ አልቻለም። ላዳይቱም ራሷ የዚሁ ዘር ናት። ሩሲያኖች በ1962 ዓ.ም. በቶግሊያቲ ከተማ እርሷን የመሰሉ መኪናዎች መሥራት ሲጀምሩ፥ መነሻቸው የጣልያኑ ፊያት 124 ነበረ። ለአገራቸው ክፉ መንገድ እንድትስማማ ብለው ብረቷን አወፈሩ፤ የኋላ ፍሬኗንም ከዲስክ ወደ ታምቡር ለወጡት። ይህን ስለ ታምቡሩ የተናገርነውን አትርሱብን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ወደ በደላችን እንምጣ። በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር መግቢያ ላይ አባታችን ወገባቸውን ታመው ተኙ። ፍሬኑ ከዚያ በፊት መጮኽ ጀምሮ ነበርና፥ ከትራሳቸው ሥር 3,500 ብር አውጥተው ሰጡን።

“የፊቱን ሸራ ቀይሩ፤ የኋላውን አስፈትሹ፤ ዘይቱን ግን ጨርሳችሁ አስደፍታችሁ በአዲስ አስሞሉ። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው” አሉ። ወደሚያውቁት ሜካኒክ እንድንወስዳትም አዘዙን።

እኛ ግን አዋቂዎች ነበርን። ሶማሌ ተራ ወርደን የፊቱን ሸራ ገዛን፤ ክሪክ ከጎረቤት ተውሰን በግቢያችን ራሳችን ቀየርነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት በፈተና ላይ ብንጠየቅ አሳምረን ባብራራነው ነበር። የፍሬኑን ዘይት መያዣ ከፍተን ብናይ ዘይቱ ቡና መስሏል፤ መጠኑ ግን ሙሉ ነው። “ሙሉ ከሆነ ለምን ይደፋል?” ተባባልን። የኋላውንም ፍሬን ማንም አላየው። ለአባታችን “ሁሉም ተለውጧል” ብለን ነገርናቸው፤ እርሳቸውም መረቁን። የተረፈው 1,700 ብር በኪሳችን ቀረ። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ጓደኞቻችንን ሰብስበን ጥብስ ጋበዝንበት። ምናልባት ይህን ከምታነቡት አንዳንዶቻችሁ በዚያ ማዕድ ላይ ነበራችሁ።

በዚያን ጊዜ ያላወቅነውን አሁን እንንገራችሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመጠጣት ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይታገሣል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይህ ትዕግሥቱ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረዥም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይለቁ ቢይዙ ብረቱ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ዘይቱ ይተላለፋል። ዘይቱ ከፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅምና የእግርን ኃይል እስከ ጎማው ያደርሳል። እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ እግር ይረግጣል፥ ጎማው አይሰማም። እንግዲህ መጠኑ ሙሉ የሆነ ነገር ሁሉ ጤነኛ አይደለም ማለት ነው።

ኅዳር 21 ቀን እናታችን እንጦጦ ማርያምን ለመሳለም ተነሡ። አባታችን አልጋቸው ላይ ሆነው “ስትመለሱ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ” አሉን። ይህን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስለ ሰማነው እንደ ሰላምታ ቈጥረነው አለፍን።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ስንወጣ ላዳይቱ ታቃስት ጀመር። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ አላት፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃም በዚያ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደኅና የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አምቆ ይህን ይከላከላል፤ የእኛው ክዳን ግን ጎማው ያረጀ ነበረ። መንገድ ዳር ቆመን እንፋሎቷን ስትተፋ አየን። ክዳኑን ልንከፍት ስንል እናታችን “እስኪበርድ አትንኩት! የፈላ ድስት ነው” ብለው አስቀሩን። ቀዝቅዞ ውሃ ጨምረንላት፥ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምን ደረስን።

ስንመለስ ግን ሌላ ብልሃት መጣልን። ሞተሩ ደክሟልና ይረፍ፥ ቤንዚኑም ይቆጠብ ብለን ማርሹን አውጥተን በባዶ ለቀቅናት። መንገዱ ነጠላ በለበሱ ምእመናን ተሞልቶ ነበር። ፍሬኑን እየረገጥን፥ ክላክስ እያሰማን ወረድን። ጥቂት እንደ ሄድን የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ አንዳችንም ግን አልተናገርንም። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ለስላሳ ሆነ። ቀጥሎም እግር እስከ ወለሉ ዘልቆ ገባ፤ መኪናዋ ግን ትሮጣለች።

እናታችን ከኋላ “እመቤቴ!” ሲሉ ብቻ ሰማን። ከሁለታችን አንዱ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ አንዱ ማርሹን ከነጩኸቱ ሦስተኛ፥ ቀጥሎም ሁለተኛ ውስጥ ከተተው። የእጅ ፍሬኑ በሽቦ ገመድ የኋላውን ታምቡር ይይዛል እንጂ ዘይት አይፈልግም፤ ያተረፈን እርሱ ነው። መሪውን ከገደሉ መልሰን ወደ ተራራው ወገን አዞርነው፤ ላዳይቱ ጎኗን ከአፈሩ ጋር እየፋቀች ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ቀና ብለን ስናይ ከፊታችን አራት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ የአያቷን እጅ ይዛ ቆማ ትመለከተን ነበር። አላለቀሰችም። እኛ ግን እግራችን ይንቀጠቀጥ ነበርና ከመኪናው ለመውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀብን።

አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ከነሕመማቸው ተነሥተው መጡ። መኪናዋን ዞረው አዩ፤ እናታችንን ራሳቸውን ዳሰሷቸው፤ እኛንም አቀፉን። ከዚያም “የኔ ጥፋት ነው። ተኝቼ ነው እንጂ ራሴ ወርጄ ማየት ነበረብኝ” አሉ። በዚያች ሰዓት መናገር ይገባን ነበር። ዝም አልን።

ከዚያ በኋላ አባታችን ድነው ወደ ሥራ ቢመለሱም እንደ ቀድሞው አልሆኑም። ተሳፋሪ ወደ ቁልቁለት ሰፈር ሲጠራቸው “አልሄድም” ይሉ ጀመር፤ ገቢያቸውም ቀነሰ። በጥር ወር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉ ተሰማ። እንግዲህ አሮጌውን ጠግኖ መያዝ እንጂ በምትኩ ሌላ እንደርሱ ያለ አስመጥቶ መግዛት ቀረ። በዚያው ሰሞን አንድ ሌሊት ለእናታችን “ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ፤ ልጆቼን የሚገድል ፍሬን ካላየሁ ሰው መጫን የለብኝም። ልሸጣት ነው” ሲሉ በግድግዳው በኩል ሰማን። እናታችን መልስ አልሰጡም።

በማግስቱ ሁሉንም ነገርናቸው። ብዙ ሰዓት ዝም ካሉ በኋላ፥ “ስንት ነበር የተረፈው?” አሉ።

“1,700 ብር፥ አባባ።”

“ምን አደረጋችሁበት?”

“ጥብስ በላንበት።”

የቁጣ ቃል እንጠብቅ ነበር። እርሳቸው ግን “እኔ ዓይኔ የደከመ መስሎኝ ነበር” አሉና ፊታቸውን አዞሩ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚህ የበለጠ ወቀሳ ከማንም ሰምተን አናውቅም። ከደጅ ሆነውም “ነገ ማለዳ አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ውጡ” አሉን።

ከፍሬን ውስጥ አየርና አሮጌ ዘይት ማስወጣት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ከሥር ይተኛል፤ አንዱ ከላይ ፔዳሉን ይረግጣል። ከሥር ያለው ትንሿን ቡሎን ሲያላላ ዘይቱ ይወጣል፤ ሳይጠብቃት ከላይ ያለው እግሩን ካነሣ አየር ይገባል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ማመን አለበት። አባታችን ወገባቸውን ጨርቅ ላይ አስተኝተው፥ ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀምረው “ርገጥ! ያዝ! አሁን ልቀቅ!” ይሉ ነበር። መጀመሪያ የወጣው ቡና የመሰለ ነው፤ ቀጥሎ አረፋ ወጣ፤ በመጨረሻም ጥርት ያለ ዘይት መጣ። አራቱንም ጎማ እስክንጨርስ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ማታ እናታችን ሲገቡ ስድስት የጠቆሩ እጆች አይተው፥ ምንም ሳይናገሩ ውሃና ሳሙና አመጡ። ላዳይቱም አልተሸጠችም።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ብዙዎቻችሁ ወደፊት በኤሌክትሪክ መኪና ትሄዱ ይሆናል። እርሱም ቢሆን የፍሬን ዘይት አለው፤ እንጦጦም አልዘቀዘቀችም። የዚያን ቀን ማዕድ የተካፈላችሁ ወዳጆቻችን ግን የጥብሱን ዋጋ መልሱልን አንላችሁም። ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትገቡ የአባታችሁን ወይም የጎረቤታችሁን መኪና የፍሬን ዘይት መያዣ ከፍታችሁ እዩልን፤ ቡና መስሎ ካገኛችሁት “ሙሉ ነው” ብላችሁ አትክደኑት።