ትንፋሽ የሚያስተምሩባት ከተማ

ከተወለድን ጀምሮ ያለ አስተማሪ የምንሠራው ሥራ ቢኖር መተንፈስ ነው። በሰሜን ሕንድ ግን ይህንኑ ሥራ እንደገና ከሀሁ ለመማር ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚመጣባት አንዲት ከተማ አለች፤ ስሟ ሪሺኬሽ ይባላል።

ከደልሂ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ሜዳው ያልቅና የሂማላያ ተራሮች ግርጌ ይጀምራል። የጋንጅስ ወንዝ ከተራራው ወጥቶ ወደ ሜዳው የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። በወንዙ ላይ በብረት ገመድ የተንጠለጠሉ ድልድዮች አሉ፤ ከነዚህም በ1922 ዓ.ም. የተከፈተው ላክሽማን ጁላ አርጅቶ በ2012 ዓ.ም. ተዘግቷል። ከተማይቱ የተቀደሰች ስለሆነች ሥጋና አልኮል አይሸጥባትም። ምስርና ሩዝ ግን ሞልቷል፤ ጾም የለመደ ኢትዮጵያዊ ምግቧ አያስቸግረውም፥ ማቃጠሉም ቢሆን አዲስ አይሆንበትም።

ትምህርቱ የሚሰጠው አሽራም በሚባሉት፥ እንደ ገዳምም እንደ ትምህርት ቤትም በሆኑት ቤቶች ነው። ቀድሞ ሐኪም የነበሩት ስዋሚ ሲቫናንዳ ማኅበራቸውን እዚሁ ያቋቋሙት በ1928 ዓ.ም. ነበር። የካቲት 1960 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ዘፋኞች ቢትልስ ወደ ማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ አሽራም በመጡ ጊዜ የከተማይቱ ስም በዓለም ተሰማ። ያ አሽራም በኋላ ባዶ ቀርቶ ዱር ውጦት ነበር፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጎብኚ ከፍሎ ይገባበታል።

የትንፋሹ ትምህርት ፕራናያማ ይባላል። ፕራና ማለት ትንፋሽም ሕይወትም ነው፤ እኛስ ብንሆን ነፍስና ነፋስ የምንላቸውን ቃላት ከአንድ ሥር አይደለም ያወጣናቸው?

ጀማሪን «በደንብ ተንፍስ» ቢሉት ትከሻውን ሰቅሎ ደረቱን ይነፋል። ስለዚህ መምህሩ መጀመሪያ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ ያስቀምጣል። አየር ስትስቡ ከሳንባ በታች ያለው ሰፊ ጡንቻ ወደ ታች ስለሚወርድ ሆድ ይነሣል፤ ስታስወጡ ይመለሳል። ቀጥሎ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ትስባላችሁ፥ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ታስወጣላችሁ። አንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ከሆነ ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ነው፤ አዋቂ ሰው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳልና። የማስወጫው ጊዜ መርዘሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አየር ስናስወጣ የልብ ምት ይቀንሳል። ለፈተና ለሚገባ ተማሪ ወይም አለቃው ለጠራው ጸሐፊ ይህ ብቻ እንኳ ትልቅ ስንቅ ነው።

ከዚያ የሁለቱ አፍንጫ ትንፋሽ ይመጣል። በቀኝ እጃችሁ አውራ ጣት ቀኙን ቀዳዳ ዘግታችሁ በግራው ሳቡ፤ ግራውን በቀለበት ጣት ዝጉና በቀኙ አስወጡ፤ በዚያው በቀኙ ስባችሁ በግራው አስወጡ። አንድ ዙር ይህ ነው። በማለዳ፥ ሆድ ባዶ ሳለ ቢደረግ ይመረጣል።

ወጣቶች የሚቸኩሉት ግን ሆድን ቶሎ ቶሎ እየሳቡ በኀይል ወደሚተነፍሱት፥ ካፓላባቲ ወደሚባለው ነው። እኔ ለጀማሪ አልመክረውም። ከመጠን በላይ ሲፈጥን የተቃጠለው አየር ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣና ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ራስ ይዞራል፥ ሰው ሊወድቅም ይችላል። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፥ ነፍሰ ጡርም የሆነች፥ ይህንንም ሆነ ትንፋሽ አፍኖ መያዝን ሐኪም ሳይጠይቁ አይሞክሩት። ከትምህርቱ መካከል ራሳችሁ ከዞረ አቁሙና እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ፤ ጎረቤታችሁ ፈረንጅ ምንም ያህል ቢበረታ እሽቅድምድም አይደለም። እሱ ምናልባት የ200 ሰዓት ትምህርት ጨርሶ የመምህርነት ወረቀት ሊወስድ የመጣ ይሆናል።

የንብ ትንፋሽ የሚሉት ግን ለማንም ይመቻል። ከንፈር ተገጥሞ ትንፋሹ በአፍንጫ ሲወጣ እንደ ንብ እም እያሉ ማሰማት ነው፤ የማስወጫውን ጊዜ ሳይቆጥሩ ያረዝመዋል። ግድግዳው ስስ በሆነ የኪራይ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ግን ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር ይሻላል።