«ማታ ምን በላሽ?»

ስኳር ያለባት እናት ባለችበት ቤት ጠዋት ጠዋት ይህ ጥያቄ አይቀርም። መለኪያው 168 ይላል፤ ልጅ ፊቱን አጥቁሮ «ማታ ምን በላሽ?» ይላል፤ እናት ትምላለች። «እመቤቴን! ከሽሮዋ ቀመስ አድርጌ ነው የተኛሁት።» የሚያምናት የለም።

እኔ ግን አምናታለሁ። ሊነጋጋ ሲል፣ ሰውነት ለመንቃት ሲሰናዳ፣ ኮርቲሶልን የመሰሉ ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ፤ ጉበትም ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም መልቀቅ ይጀምራል። ኢንሱሊኑ በደንብ የሚሠራለት ሰው አይታወቀውም። ስኳር ያለበት ሰው ግን ምንም ሳይቀምስ ስኳሩ ወጥቶ ሊያድርበት ይችላል። ጠዋት ጠዋት ከፍ እያለ ካስቸገረ የሚነገረው ለሐኪሙ ነው፤ ምናልባት መድኃኒቱ ወይም የሚወሰድበት ሰዓት መስተካከል አለበት። እናት ላይ ችሎት ማቆም የሚያስተምራት አንድ ነገር ነው፤ ቁጥር መደበቅ።

የብዙ ቤት ልማድ በባዶ ሆድ ጠዋት ለክቶ ማቆም ነው። ይገባኛል፣ ስትሪፕ ውድ ነው። ማሽኑንማ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ይመጣል፤ ጣጣው የሚጀምረው ስትሪፑ ሲያልቅ ነው። የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። ፋርማሲ ለፋርማሲ ተዙሮ ሲጠፋ ማሽኑ ቡፌ ውስጥ ከዓመት በዓል ብርጭቆ ጋር ይቀመጣል። (ውጭ ያላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እዚህ የሚገኘው የትኛው እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። በነገራችን ላይ እንግሊዝ አገር ያለ ሰው 7.8 ቢላችሁ አትደናገጡ፤ በ18 ስታባዙት የእኛው 140 ነው።)

ስትሪፕ ካነሰ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መጠቀም ይሻላል። ምሳ ሊቀርብ ሲል አንድ፣ መብላት ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ሲሞላ አንድ። ዛሬ የለመዱት ፍርፍር ይሁን። ሌላ ቀን ግማሽ እንጀራ ከጎመንና ከምስር ጋር። ሌላ ቀን ያው ፍርፍር፣ ግን ከተበላ በኋላ ሰፈሩን ዞር ዞር ማለት። ለብዙ አዋቂ የሚመከረው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው፤ ለአዛውንት ሐኪሙ ላላ ሊያደርገው ይችላል። እኔን የሚያጓጓኝ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። «ጤፍ ስኳር አይጨምርም» የሚለው ወሬ እዚያ ላይ ያበቃል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስታርች ግን ሞልቶታል።

በቤት መለካትን ካስለመዱት ሰዎች አንዱ ሲጀምር ሐኪም አልነበረም። ሪቻርድ በርንስታይን አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር፤ ስኳር የያዘው በ12 ዓመቱ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1969 ለሕክምና ባለሙያ ብቻ የሚሸጥ መለኪያ መውጣቱን አነበበ። ሚስቱ ሐኪም ስለነበረች በእሷ ስም አስገዛ። በቀን ደጋግሞ እየለካ፣ ምግቡንና ኢንሱሊኑን እየቀያየረ የራሱን ሰውነት አጠና። ያገኘውን ቢናገር የሚሰማው ሲያጣ እልህ ያዘው፤ በአርባዎቹ ዕድሜው ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ዶክተር ሆነ።

አለካኩም የራሱ ጣጣ አለው። አክስቴ አንድ ቀን 268 ብሎባት ቤቱ ተሸበረ። ለካስ ፓፓያ ልጣ እጇን በጨርቅ ጠረግ አድርጋ ነው የመጣችው። በሳሙና ታጥባ፣ በደንብ አድርቃ፣ ከሌላ ጣት ስትለካ 171 ሆነ። የፓፓያው ስኳር ጣቷ ላይ ነበር። ጣትን ከመሐል ሳይሆን ከጎኑ መውጋት ሕመሙን ይቀንሳል። ስትሪፕ ከወጣ በኋላ የዕቃው ክዳን ወዲያው ይከደን፤ እርጥበት ያበላሸዋል።

መቼም ለወጣ ስኳር እንጂ ለወረደ አንደነግጥም፤ ቶሎ የሚጎዳው ግን እሱ ነው። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መለካት። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ሆስፒታል ነው። በረመዳን ጣት መውጋት ጾም እንደማያስፈታ ብዙ ዑለማዎች ተናግረዋል፤ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ግን ሐኪሞች ጾሙ ይፈታ ይላሉ።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መለኪያው ከእጁ ሊርቅ አይገባም። ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስድና ለተረጋጋ ሰው ግን በየቀኑ ጣት እየወጉ መለካት ብዙም አይጠቅምም፤ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የላቦራቶሪ ምርመራ ይበቃው ይሆናል።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ታዲያ ደብተሩን ብቻ አትያዙ። በቀጠሮው ዋዜማ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ የሚያምር ቁጥር ስንቱ ሐኪም አይቷል! መለኪያው ሜሞሪ አለውና እሱን ራሱን ያዙት።