ስለ አትክልት ምግብ፤ ይልቁንም ስለ ካልሲየምና ስለ ማግኒዚየም

አትክልት ውሃና ፀሐይ ካገኘ ይበቃዋል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከመሬት የሚፈልገው ልዩ ልዩ ምግብ አለው፤ ከዚህም ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉት ሁለቱ በቤታችን ብዙ ክርክር ስላስነሡ፥ የተረዳሁትን ለተከበሩ አንባብያን ልገልጽ አሰብሁ።

እናቴ ሰፊ ጓሮ ከነበረው ቤታቸው ወጥተው በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ከእኛ ጋር ከተቀመጡ ወዲህ፥ ከአትክልታቸው የቀራቸው በበረንዳው የተደረደሩት ስድስት ባልዲዎች ብቻ ናቸው። በእነዚህ የተከሉት ቲማቲም ፍሬው ከግርጌው እየጠቆረ ቢበሰብስባቸው፥ «ከእንግዲህ እጄ አያበቅልም» ብለው ሊነቅሉት ተነሡ። ይህን ቃል መስማት ከቲማቲሙ መጥፋት ይልቅ ከበደኝ።

አንዲት ደግ ጎረቤት የተወቀጠ የዕንቁላል ቅርፊት አመጡ። ቅርፊቱ በእርግጥ ካልሲየም ነው፤ ሆኖም በአፈር ውስጥ ለመሟሟት ብዙ ወራት ስለሚፈጅበት ለተያዘው ፍሬ አይደርስለትም። ደግሞም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የካልሲየም ከአፈር መታጣት አይደለም። ካልሲየም ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው ከውሃ ጋር ነው፤ ውሃም ወደ ቅጠል እንጂ ወደ ፍሬ እምብዛም አይሄድም፤ አንድ ጊዜ በቅጠል ካረፈ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላ ስፍራ አይዛወርም። ስለዚህ አፈሩ አንድ ቀን ደርቆ በማግሥቱ ቢጥለቀለቅ፥ ፊተኛ የሚራበው የፍሬው ጫፍ ነው።

በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ እናቴም የሚያጠጡት ውሃው በመጣ ቀን አትረፍርፈው ነበር። እንግዲህ አንድ ጀሪካን ለአትክልቱ ብቻ ተለይቶ፥ በየማለዳው በልክ ይጠጣ ጀመር፤ አፈሩም እንዳይደርቅ ደረቅ ሣር ተጎዘጎዘበት። የጠቆሩት ፍሬዎች አልዳኑም፤ ከዚያ በኋላ የያዙት ግን ግርጌያቸው ንጹሕ ሆኖ ቀሉ። እናቴም መንቀሉን ተዉት።

የማግኒዚየም ጠባይ ከዚህ ይለያል። የቅጠል አረንጓዴነት የሚገኘው ክሎሮፊል ከሚባለው ነገር ሲሆን፥ በመካከሉ ያለው ማግኒዚየም ነው። ሲጎድል ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ የታችኞቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ እንደ ሆነ መካከላቸው ቢጫ ይሆናል። የካልሲየም ጉድለት ግን ከላይ፥ ከለጋው ጫፍ ይጀምራል። (ሁለቱንም ከማዕድናቸው በኤሌክትሪክ ኃይል የለየው እንግሊዛዊው ሐምፍሪ ዴቪ፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1808 ዓ.ም. ነበር።)

ከባልዲዎቹ ሁለቱ ይህን ቢጫነት አሳዩ። እናቴ እንደ ጓሮው ልማድ የምድጃ አመድ ይጨምሩባቸው ነበርና፤ አመድ ካልሲየም ቢኖረውም ፖታሲየሙ ብዙ ስለ ሆነ፥ በጠባብ ዕቃ ውስጥ ሲበዛ ተክሉ ማግኒዚየምን እንዳይወስድ ይከለክላል። በሰፊ እርሻ ነገሩ ሌላ ነው፤ መሬቱ ኮምጣጣ በሆነበት ደጋ ገበሬው ኖራ ቢበትን ይጠቀማል፥ ዶሎማይት የሚባለውም ድንጋይ ሁለቱንም ምግቦች ይዟል።

ብዙ ሰዎች ፍሬ ሲጠቁር ኢፕሶም የሚባለውን መራራ ጨው፥ ማለት ማግኒዚየም ሰልፌትን፥ ያፈሱበታል። ይህ እጅግ የማይገባ ነው፤ የበዛ ማግኒዚየም ካልሲየሙን ከሥሩ ደጃፍ ይገፋዋልና። ጨዉ የሚሰጠው የታችኛው ቅጠል እንደ ተባለው ሲቢጭ ብቻ ነው፤ መጠኑም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ፀሐይ ሳይበረታ በቅጠሉ ላይ ይረጫል።