የአጎቴ ደብተርና የእኔ ምክር

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። አጋሮ የሚኖሩት አጎቴ ለብዙ ዓመታት የቡና ሒሳባቸውን የሚይዙት ጠርዙ በተበላ ባለ መስመር ደብተር ነበር። ለማን ስንት ብር ቅድሚያ እንደሰጡ፣ ማን ስንት ኪሎ እሸት እንዳስረከበ፣ የማን ጀንፈል ገና እንዳልደረቀ ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። እኔ ደግሞ ሁለት መስመር የተማርኩ አዋቂ፣ «ይኼ የድሮ አሠራር ነው» ብዬ ያገለገለ ፔንቲየም 4 ኮምፒዩተር አስገዛኋቸው። የጎረቤት ልጅ እየጻፈላቸው ደብተሩ ቀረ። ስታቢላይዘር ይገዛ ሲባል «ለጊዜው ይቆይ» ያልኩትም እኔው ነኝ።

ኅዳር 2018 ዓ.ም.፣ ለቀማው በደራበት ሰሞን፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ጧ አለና ፀጥ አለ። ስልክ ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ሣጥንህ ሞተ።»

ሣጥንህ! ሲሠራ የእሳቸው ነበር።

ሣጥኑን ታቅፌ በሚኒባስ ጅማ ገባሁ። መርካቶ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ስደርስ አራት ወጣቶች ቡና ፉት እያሉ በሚሞሪ ዋጋ ይከራከራሉ። አንዱ፣ ዋጋው በዓለም ገበያ የናረው ፋብሪካዎቹ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሚሆነውን ሚሞሪ ማምረት ስላስቀደሙ ነው ይላል። ሌላው፣ «የለም፣ የእኛን የሰቀለው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ መለቀቁ ነው» ይለዋል። ሦስተኛው ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙን አንስቶ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ አሁን መግዛት ይሻላል አይሻልም የሚል ሌላ ሙግት ከፈተ። የኒውዮርክን የቡና ዋጋ የሚከታተሉ ነጋዴዎች ባሉበት አገር ይህ ሊደንቀኝ ባልተገባ ነበር፤ ግን ደነቀኝ። የእኔን ማሽን ሲያዩ ሁሉም ሳቁ።

«ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ሙዚየም ነው የሚገባው» አለ አንደኛው፣ ክዳኑን እየፈታ።

ውስጡ የቡና ገለባ ብናኝ ሞልቶታል። የፓወር ሰፕላዩ ካፓሲተሮች አናታቸው አብጦ አንዱ ተተርትሯል። «ጉዳቱን የተቀበለው ይኼ ከሆነ ሃርድ ዲስኩ ተርፎ ይሆናል» አለ ልጁ። ዲስኩ በሰፊው ጥብጣብ ገመድ የሚገናኘው የድሮው ዓይነት ስለሆነ መሰኪያ ጠፋ። መሳቢያው ተገለበጠ፤ አራቱም ክርክራቸውን ትተው ፍለጋ ገቡ። ሲገኝና ሲሰካ ዲስኩ ዚዝ ብሎ መሽከርከር ጀመረ፤ እኔም መተንፈስ ጀመርኩ።

ደስታዬ አልቆየም። ሒሳቡ ሲከፈት አኃዙ ደኅና ነው፤ ስሞቹ ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ጭፍጫፊ ናቸው። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሁለት መቶ ኪሎ ምን ያደርጋል? ነገሩ ወዲህ ነው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም «ሀ»ን በላቲን ፊደሎች ቦታ እንደ ልቡ ያስቀምጥ ነበር። የጎረቤታችን ልጅም ከእነዚያ በአንዱ ሲጽፍ ኖሯል። የፊደሉ ቅርጽ ከሌለ ጽሑፉ አይነበብም። ልጁ ጥቂት አሰበና ቅርጹን ከዚያው ከአሮጌው ዲስክ ፈልጎ በራሱ ማሽን ላይ ጫነው። ገበሬዎቹ አንድ በአንድ ስማቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

አሳትሜው ማታ አጋሮ ደረስኩ። አጎቴ ወረቀቱን አልተቀበሉኝም። አዲስ ደብተር ገዝተው፣ መስመር አስምረው ይጠብቁኝ ኖሯል።

«አንብብ፣ እኔ ልጻፍ» አሉኝ።

አነበብኩ። አራተኛው ገጽ ላይ እስክሪብቷቸውን አቆሙ።

«እሱ እኮ ባለፈው ቅዳሜ አንድ ኩንታል አምጥቷል። ሣጥንህ አላየውም እንዴ?»