ዝምታ በውሃ አይገዛም

ኮምፒውተር ሱቅ ገብቶ «ድምፅ የማያሰማ ኩለር አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «በውሃ የሚሠራውን ውሰድ»። ሁለት ጥቁር ቱቦ ያለው፣ ባለቀለም መብራት የሚያበራ ዕቃ ባንኮኒው ላይ ይቀመጥና ዋጋው ይጠራል። ገዢው ግን ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ጩኸቱ ከየት ነው የሚመጣው?

ውሃ ሙቀትን አያጠፋም፤ ያጓጉዛል እንጂ። ፕሮሰሰሩ ላይ የተገጠመው መዳብ ሙቀቱን ይቀበላል፣ ፓምፑ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ ይገፋል፣ በመጨረሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው ግን ያው ፋን ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ ሰፊ ሆኖ ፋኖቹ በዝግታ ካልዞሩ በስተቀር ገዢው ያገኘው ትርፍ የፓምፕ ድምፅ ብቻ ነው። የአንድ ፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ሁለተኛ ተመሳሳይ ፋን ሲጨመር ግን ከፍ የሚለው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ሦስት ፋን እያዘገመ፣ አንድ ፋን እየሮጠ ከሚሠራው ሥራ የሚሻለው ለዚህ ነው። ባለ አንድ ፋኑ፣ የ120 ሚሊሜትሩ ትንሽ የውሃ ኩለር ለኦቨርክሎክ የባከነ ገንዘብ ነው።

ኦቨርክሎኩስ ራሱ ስንት ያስከፍላል? የፕሮሰሰር ሙቀት ከፍጥነቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱን 5 በመቶ ለመጨመር ቮልቴጁን 10 በመቶ ማሳደግ ካስፈለገ ሙቀቱ በ27 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ትርፉ 20 ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ሬንደር በ19 ደቂቃ ማለቁ ነው። ለዚያች አንዲት ደቂቃ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ የፋን ጩኸት።

የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ተወጥረው ነው። የኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ በኩባንያው ወሰን እንኳ 253 ዋት ድረስ ይበላል። የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ በከባድ ሥራ 95 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ጥሩ ኩለር ገዝቶ ቁጥሩ ሳይወርድ ያየ ሰው ተታለልኩ ቢል አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ ላይ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስከተለውን ችግር አምኖ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ከዚህ በኋላ ሌላ ቮልቴጅ መጨመር ድፍረት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሒሳብ ይጨመራል። ከተማዋ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ስስ ነው። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም የሚያልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ፣ የሚሸከመውም ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ በቆላ አገር የተለካ ውጤት እዚህ በቁሙ አይሠራም። ደግነቱ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ድሬዳዋ ያለ ሰው አየሩ ይወፍርለታል፣ ሙቀቱ ግን ይከፋበታል።

ይህ የጌም ወዳጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቪዲዮ እያቀናበሩ የሚተዳደሩ ብዙ ወጣቶች ስቱዲዮአቸው መኝታ ቤታቸው ነው። ማይኩና ኮምፒውተሩ አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ። የፋን ሹክሹክታ ትረካው ውስጥ ገብቶ ሲገኝ ደንበኛው «ድጋሚ ቅዳልኝ» ይላል፤ ለድጋሚው የሚከፍል ግን የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ባሉት ወራት ደግሞ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃን ሁለት ጊዜ ተሳስቶ መግዛት አይቻልም።

እንግዲህ ምርጫው። ለአብዛኛው ሰው የሚሻለው ባዮስ ገብቶ የኃይል ወሰኑን ዝቅ ማድረግና ባለ ሁለት ማማ የአየር ኩለር መግጠም ነው። የተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ በውጭ ገበያ ከ40 ዶላር በታች ሲሸጥ ቆይቷል፤ ፓምፕ የለውም፣ አያፈስም፣ ፋኑ ቢበላሽ ፋኑ ብቻ ይቀየራል። ኦቨርክሎክ የግድ ነው የሚል ግን 280 ወይም 360 ሚሊሜትር ይያዝ። የአርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር 3 ራዲያተር 38 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ የተለመደው 27 ነው። መብራት የሌለው ሲሆን ይረክሳል፣ ብርሃኑ ሙቀት አይቀንስ! የስድስት ዓመት ዋስትናም አለው፣ በሻንጣ ለመጣ ዕቃ ግን ዋስትናውን የሚያስፈጽም ሰው ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው።

ያገለገለ የውሃ ኩለር አይገዛም። ውሃው ባይፈስም በቱቦው በኩል ቀስ በቀስ ይተናል፣ አብዛኞቹም እንዲሞሉ ተደርገው አልተሠሩም። ሲገጠም የራዲያተሩ ጫፍ ከፓምፑ በላይ ይሁን፤ አለዚያ አየር ፓምፑ ውስጥ ተጠራቅሞ እንደ ጠርሙስ ይንቦጫቦጫል። የፋኖቹ ፍጥነት ከተቻለ በፕሮሰሰሩ ሳይሆን በውሃው ሙቀት ይመራ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት በሰከንድ ውስጥ ይዘላል፣ ፋኑም አብሮት ይጮኻል፤ ውሃው ግን የሚሞቀው በዝግታ ነው፣ ፋኑንም አያስደነግጠውም።