ሳያንኳኳ የገባው ልጄ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት አልሞላም ነበር። ቡና ልጥድ ስነሳ ስልኬ ጮኸ። በዚህ ሰዓት ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ ልብ እንደሚያርድ ልጅ ውጭ ያላችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ። ልጄ «እማዬ» አለና ዝም አለ። ቆይቶ «መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» ሲለኝ ምን እንዳየ ወዲያው ገባኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላውራችሁ። ነርስ ነኝ። በዲፕሎማ ተመርቄ 34 ዓመት ካገለገልኩ በኋላ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን የሰፈራችን የሴቶች ዕድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱን ስምና ወርኃዊ መዋጮ የምመዘግበው ልጄ በላከልኝ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ግን እንደ ባለቤቱ ዕድሜ ተጫጭኖታል፤ አንዴ ደርቆ ይቀራል፣ ሌላ ጊዜ አማርኛ አልጽፍም ይላል። ልጄ «ጥገና ቤት አትመላለሺ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እሠራልሻለሁ» አለኝ።

ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሳሎኔ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር እንዴት ይነካል? ስጠይቀው እንዲህ አስረዳኝ። የቤታችን ዋይፋይ እንደ አንድ ግቢ ነው፤ ራውተሩ የግቢው በር ነው። በግቢው ውስጥ ያሉት ስልክና ኮምፒውተር እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። ይህ ቁጥር ግን የግቢ ውስጥ ቁጥር ነው። «ሦስተኛው ክፍል» እንደማለት ነው፤ ሦስተኛ ክፍል የሌለው ግቢ የት አለ? ጎረቤቴም ቤት ያው ቁጥር ይኖራል። ስለዚህ ከውጭ ሆኖ በዚያ ቁጥር ቢጣሩ ማንም አይሰማም።

መፍትሔው በሩን ከውጭ መስበር አይደለም፤ ከውስጥ ሰው መላክ ነው። እንደ ኤኒዴስክና ቲምቪወር ያሉ ፕሮግራሞች እኛ ኮምፒውተር ላይ ሲጫኑ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ከአገናኙ ድርጅት ኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። የልጄም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱን እዚያ ያስተዋውቋቸዋል። እኔ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር አነብለታለሁ፣ እሱ ይጠራል፣ እኔ «ፍቀድ» የሚለውን እጫናለሁ። ከዚያ የማውሱ ቀስት ማንም ሳይነካው መሄድ ይጀምራል። መጀመሪያ ቀን ሳየው አማትቤያለሁ።

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። እሱ ከሥራ ሲወጣ እዚህ ሌሊት ነው። ተቀጣጥረን መብራት ይጠፋል፤ መብራት ሲኖር እኔ ተኝቼ እገኛለሁ። በመጨረሻ «የይለፍ ቃል ልስጠው፣ አንቺ ሳትኖሪም እገባለሁ፣ ብቻ ሳታጠፊው ተኚ» አለኝ። ልጄ አይደል? እሺ አልኩ። ለወራት እየተኛሁ ተጠገነልኝ፤ ጠዋት ስነሳ ሁሉም ተስተካክሎ አገኘው ነበር።

በዚያው ሰሞን ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ለስንቱ ሴት «አትዘግዪ፣ ታይ» ስል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ አልዘገየሁም። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ በቴሌግራም ተላከልኝ፤ የስልኩ ፊደል ስላልታየኝ ላፕቶፑ ላይ አውርጄ አጉልቼ አነበብኩት። ካንሰር ነው። ፋይሉን እዚያው ስክሪኑ ላይ ትቼ አለቀስኩ፤ ለልጄ ግን አልነገርኩትም። «ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ይጨነቃል» አልኩ። እሱ ያንን ሌሊት የዕድሩን መዝገብ ሊያስተካክል ሲገባ ስሜ የተጻፈበትን ፋይል አየ፤ ከፈተው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። «ማን ክፈት አለህ?» ብዬ ጮህኩበት። በሥራ ዘመኔ መጋረጃ ሳልስብ በሽተኛ ገልጬ አላውቅም። የሰው ካርድ ለጎረቤት አላነበብኩም። የገዛ ልጄ ግን የእኔን ካርድ ተኝቼ አነበበው። እሱም ዝም አላለም፤ «እማዬ፣ የእኔን ውጤት ብታዪ ሳትከፍቺ ትተዪው ነበር?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ሌላም ነገር አስታወሰኝ። ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ይዞኝ «እባክሽ ለእናታችን እንዳትነግሪያት» ሲለኝ፣ «የተደበቀ በሽታ ሰውን ብቻውን ያደርገዋል» እያልኩ እመክር ነበር። ምክሩ ለሌላው ሲሆን ቀላል ነው። በእኔ ሲደርስ እኔም ደበቅሁ።

ሁለት ነገር ተስማማን። እኔ ምንም ላልደብቅ፤ እሱ ሳያንኳኳ ላይገባ። የይለፍ ቃሉን ራሱ አጠፋው። አሁን ሊገባ ሲፈልግ አስቀድሞ ይደውላል፣ እኔም እያየሁ እፈቅዳለሁ። ሲሠራም አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ያወራኛል። እንዲያውም ከድሮው ይልቅ አሁን ነው ልጄን የማገኘው።

ለአንባቢዎቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሰው «ከባንክ ነው» ብሎ ደወለልኝና ስልኬ ላይ ፕሮግራም ጭኜ የሚወጣውን ቁጥር እንዳነብለት ጠየቀኝ። ቁጥሩ የግቢው ቁልፍ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ አነብለት ነበር። ዘጋሁበት። እናንተም ራሳችሁ ላልጠራችሁት ሰው ያንን ቁጥር አትስጡ፤ «ፍቀድ» የሚለውንም አትጫኑ።

ቀዶ ሕክምናውን አድርጌያለሁ፤ መድኃኒቱን ጀምሬ ክትትል ላይ ነኝ። ልጄ መጥቶ ሦስት ሳምንት አስታሞኝ ተመልሷል። አንዳንዴ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ያን ቀን ባይገባ ኖሮ መቼ እነግረው ነበር ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ አልመለስኩትም።

ውጤቶቼ አሁንም እዚያው ስክሪኑ ላይ ናቸው፤ አልደብቃቸውም። ቢሆንም ልጄ ሲመጣ እንዲያንኳኳ እፈልጋለሁ። ያንኳኳል፤ እከፍትለታለሁ።