በሩን የሚያንቀጠቅጠው ድምፅ

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ሠርግ ሲኖር፣ ከሙዚቃው ሁሉ ቀድሞ ቤታችን የሚደርሰው የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ነበር። ድንኳኑ የሚተከለው ሦስት አራት አጥር ተሻግሮ ነው፤ የዘፋኙን ድምፅ ነፋስ ይቆራርጠዋል፣ ሳክስፎኑ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ቤዙን ግን ግድግዳ አያግደውም። የቆርቆሮ በራችን በስሱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እናቴ «ጀመሩ» ትልና ነጠላዋን ታነሳለች። እኔ መዳፌን በሩ ላይ ለጥፌ እቆማለሁ። ያንን ድምፅ የሚያወጣውን መሣሪያ አይቼው አላውቅም፤ ስሙንም የነገረኝ የለም።

ቤት ውስጥ ያንን ድምፅ ማግኘት አይታሰብም። አጎቴ የሮሃ ባንድን ካሴቶች ይወድ ነበርና ቅዳሜ ጠዋት ቡናው ሲቆላ ቴፑ ይከፈታል። የቴፑ ድምፅ ማጉያ ግን ትንሽ ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ነው የሚርገበገበው፤ ያን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ለማውጣት እንዲያ ያለ ማጉያ አቅም የለውም። እናም የሮሃው ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ የተጫወተውን ሁሉ ለዓመታት የሰማሁት በግምት ነው ማለት ይቻላል። ካደግሁ በኋላ ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ እነዚያኑ ዘፈኖች ስከፍት፣ ከሥር ራሱን የቻለ ሌላ ዜማ ሲሄድ ሰማሁ። የዋሊያስ ባንዱን ቤዝ ተጫዋች መላኬ ገብሬንም እንዲሁ። አጎቴ ይህን ሳይሰማ ማለፉ ዛሬም ይቆጨኛል።

መሣሪያውን በዓይኔ ያየሁት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። የኪነት ቡድኑ ሲለማመድ እኛ ልጆች መስኮቱ ላይ እንንጠለጠላለን። አምፕሊፋየሩ ሲግል በላዩ የተኛው አቧራ መቃጠል ይጀምራል፤ ያ ሽታ ዛሬም የትም ቢገጥመኝ ልምምድ ሊጀመር ነው ያሰኘኛል። ቤዝ የሚጫወተው ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከድራሙ አጠገብ የቢራ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል። አንድ ቀን በእረፍታቸው ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ልንካው?» አልኩት። መሐረቡን አወጣና ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠረገልኝ። ላብ ክሩን ያዝገዋል፤ ያኔ ደግሞ የቤዝ ክር እንደልብ አይገኝም ነበር። ይህ የገባኝ ኋላ ነው፤ እሱ አንድም ቃል አልተናገረም። ጣቴን ወፍራሙ ክር ላይ አድርጎ «አትጎትቺው፤ ገፋ አድርገሽ ልቀቂው» አለኝ። ለቀቅኩት። ሆዴ ውስጥ ተሰማኝ።

የራሴን ቤዝ ለመግዛት የበቃሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ይዞኝ የሄደው ድሮ አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ ሲጫወት ያመሸ፣ በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ፣ እኔ ጋሼ የምለው ሰው ነው። ሥራ የሚደራበትን የዓርብ ከሰዓት ትቶ መጣልኝ። ሱቁ የአዲስ እንጨትና የቀለም ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ «ጃዝ ቤዝ» የሚባለው ዓይነት ሁለት ቤዞች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፦ አንዱ እስያ የተሠራ ስኳየር፣ ወደ 200 ዶላር፤ ሌላው ሜክሲኮ፣ ኤንሴናዳ የተሠራ ፌንደር፣ ዋጋው ከእጥፍ በላይ። ስኳየር የዚያው የፌንደር ርካሽ ምርት ነው። ቅርጹ ያው እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ቅርጽ ነው፣ የክሩም ርዝመት በሁለቱም 86 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ከሩቅ ማን ይለያቸዋል?

ጋሼ ሁለቱንም አውርዶ መጀመሪያ ያደረገው አንገታቸውን በመዳፉ ዳር ዳሩን መዳበስ ነበር። «እጅሽን አምጪ» አለኝ። የስኳየሩ ፍሬቶች፣ አንገቱን አቋርጠው የተሰኩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ጫፋቸው ጫር ጫር ያደርጋል፤ የሜክሲኮው ልስልስ ነው። ክረምት ማሞቂያ ሲበራ እንጨቱ ደርቆ ይኮማተራል፣ ብረቱ ግን አብሮት አይኮማተርም፣ ስለዚህ ጫፉ ብቅ ይላል። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ነካ ብቻ አድርጎ አስጮኸው፤ ከዚያ እዚያው ላይ ተጭኖ ደገመው። ሁለቱ ድምፆች ካልገጠሙ፣ ጣት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቅኝቱ ይፈርሳል። በሁለቱም ገጠመ። የክሩን ድምፅ ከሚቀበሉት ሁለት ፒካፖች አንዱን ብቻ ሲከፍት «እምምም» የሚል ጉምጉምታ መጣ፤ ሁለቱን እኩል ሲከፍታቸው ጸጥ አለ። «ይሄ ጠባዩ ነው፣ ውዱም ያደርገዋል» አለኝ።

ከዚያ «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ዋጋውን እርሺው» ብሎ በትዝታ ቅኝት አንድ ቀስ ያለ ነገር ተጫወተ፣ በአንዱ፣ ደግሞ በሌላው። የሜክሲኮው ድምፅ ክብ ነው፣ ቶሎ አይሞትም። የስኳየሩ ትንሽ ይሻክራል፤ የእሱ ጣት ግን በሁለቱም ውስጥ አንድ ነበር። ርካሹን ያዝኩ። በተረፈው ትንሽ አምፕሊፋየርና ሽቦ ገዛሁ፣ የፍሬቶቹንም ጫፍ አስሞረድኩ፣ ክሮቹን ዝቅ አስደረግሁ። ዛሬም ያ ምርጫ ልክ ነበር እላለሁ፤ ቤዝ ያለ አምፕሊፋየር ለሰው አይሰማም። ማንገቻ መግዛት ስፈልግ ጋሼ ከለከለኝና ከታክሲው የኋላ ኮፈን ውስጥ የራሱን አወጣ። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ የሲጋራና የብዙ ምሽት ላብ ሽታ አለው። «ይሄ አዲስ አበባን ያውቃል» አለኝ።

ማታ ማታ ከታች ያሉ ጎረቤቶች እንዳይረበሹ አምፕሊፋየሩን አጥፍቼ አገጬን የቤዙ ቀንድ ላይ አስደግፋለሁ። ድምፁ በመንጋጋ አጥንት አልፎ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ቢኖር እምብዛም አይሰማውም። ያን ያህል ቀርቦኝ የሚያውቅ ሙዚቃ የለም። ኋላ ሲሞላልኝ የሜክሲኮውን ገዛሁ፤ እውነትም ይሻላል፣ መቃኛዎቹ አይላሉም፣ እጅም አይደክምበትም። የጋሼ ማንገቻ ያለው እሱ ላይ ነው።

አሁን ነገሩ ተለውጧል። እንጨቱን በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ስለሚቆርጠው ርካሾቹ ቤዞች ያኔ ከነበሩት በጣም ይሻላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጠቧል። በቅርቡ አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ የሁለት ቤዞች ፎቶ በቴሌግራም ልካ «አክስቴ፣ የቱን ልግዛ?» አለችኝ። ርካሹን ልላት ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ቆይቼ «አምፕሊፋየር አለሽ?» አልኳት። የምታገለግልበት የመዘምራን ቡድን ትልቅ አምፕሊፋየር አለው፤ ቤት ውስጥም በጆሮ ማዳመጫ ነው የምትለማመደው። እንግዲያው ብርሽን ሁሉ ቤዙ ላይ አውይው፣ የተሻለውን ውሰጂ አልኳት። ብቻ ሂሳብ ከመክፈልሽ በፊት አንገቱን በመዳፍሽ ዳብሺው፣ 12ኛውንም ፍሬት ሞክሪው።